ሰፈሩ ሲነሣ እድሩ ምን ሆነ? የካዛንቺስ አንድ እድርና የአራት አረጋውያን መሪዎቹ ጉዳይ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት፣ በካዛንቺስ ገና ካልፈረሱት ግቢዎች በአንዱ ውስጥ የአንድ እድር አባላት ለጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበው ነበር። የተቀመጡባቸው ወንበሮች በጀርባቸው የእድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው፣ ለልቅሶ ካልሆነ ከግምጃ ቤት የማይወጡ ናቸው፤ የዚያን ዕለት ግን ሟች አልነበረም። አጀንዳው አንድ ነበር። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት እየተነሣ፣ አባላቱም ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ኪራይ ወዳገኙበት ሁሉ እየተበተኑ ስለነበር፣ የእድሩ ገንዘብና ዕቃ ይከፋፈል ወይስ እድሩ ይቀጥል የሚለውን መወሰን ነበረባቸው። አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ «ጎረቤት ከሌለ እድር የለም፤ ገንዘባችንን እንካፈልና በየደረስንበት እንግባ» ሲል ከተሰብሳቢው ግማሽ ያህሉ አጨበጨበ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት አራት አረጋውያን ግን አላጨበጨቡም፤ አልተቃወሙምም። ዳኛው ደብተራቸውን ዘግተው «ሦስት ሳምንት ስጡን» አሉ።

ይህ ጽሑፍ እነዚያን ሦስት ሳምንታት፣ ከእነርሱ በፊት የነበረውን ረጅም ዘመንና በኋላ የተከተለውን ይመለከታል። ጸሐፊው የእድሩ አባል ልጅ ነኝ፤ ከዚያ ጉባኤ በኋላ ደግሞ የእድሩን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እንድገለብጥ ተጠይቄ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከሩቅ የሚያይ ሰው ገለልተኝነት የለኝም፣ አለኝም አልልም። የእድሩንም የአረጋውያኑንም ስም ያልጠቀስኩት እነርሱ እንዲህ ስለፈለጉ ነው፤ ዳኛው በተለይ «የሞተ ሰው ስም ነው ጮክ ተብሎ የሚጠራው፣ እኛ ገና ነን» ብለው ከልክለውኛል።

ሰፈሩና እድሩ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዙሪያው ያለው መንደር በሆቴልና በቡና ቤት ሠራተኛ፣ በሾፌር፣ በዘበኛ፣ በታይፒስትና በቸርቻሪ ተሞላ። እነዚህ ሰዎች ከየትም የመጡ ነበሩ፤ ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከሰላሌና ከመንዝ፣ ከጋሞ ደጋና ከአድዋ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። ስለዚያ አዋጅ ብዙ ተብሏል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን ብዙም የማይነሣ አንድ ውጤቱ ነው። ርካሽ የቀበሌ ቤት ያገኘ ሰው ቤቱን አይለቅም። ቤተሰቡ በዝቶ፣ ጣሪያው አፍስሶ፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ የጎረቤት ሳል እየተሰማ እንኳ አይለቅም። ስለዚህ የካዛንቺስ ጭቃ ቤቶች አርባና ሃምሳ ዓመት ያንኑ ሰው ከዚያው ሰው ጋር አኖሩ። እድሩ የቆመው በዚህ አለመንቀሳቀስ ላይ ነበር፤ ይህ ሲፈርስ እድሩም ይፈርሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት አልነበረም።

እድር እንደ ከተማ ተቋም መልክ የያዘው ከዘመድ አዝማድ ርቀው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች፣ ሲሞቱ የሚያነሣቸው እንዳያጡ ሲሉ ባደረጉት መደጋገፍ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ በዚህም ጉራጌዎች ቀዳሚ ስፍራ ይሰጣቸዋል። መንግሥታት ሲለዋወጡ እድርን አንዳንዴ በጥርጣሬ፣ አንዳንዴ እንደ መሣሪያ ቢያዩትም በውስጡ ሥርዓት ብዙ አልገቡበትም። ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 እንኳ እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸው ነበር። ይህ ነጻነት ሌላ ገጽታ አለው፤ ችግር ሲመጣ መልሱን የሚሰጥ ሕግ የለም፣ የራስ መተዳደሪያ ደንብ ብቻ ነው ያለው። የዚህ እድር ደንብ ስለ ሟች፣ ስለ ቀባሪ፣ ስለ ውዝፍና ስለ ቅጣት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሰፈር ይሞታል ብሎ ግን አላሰበም።

አራቱ ሰዎች

ሰፈሩ «ጋሽ ዳኛው» የሚላቸው ሰው ወደ ሰማንያ የተጠጉ፣ የጋሞ ደጋ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከጨንቻ ወደ ሽሮ ሜዳ መጥተው ለአጎታቸው ማግ እያዳወሩ፣ ማታ ማታ እየተማሩ አደጉ፤ በኋላ ታይፕ ተምረው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩና በ1964 ዓ.ም. ካዛንቺስ ገቡ። አባታቸው በሀገራቸው ሃላቃ ነበሩ። ሃላቃነት በጋሞ ሕዝቡ መርጦ ለተወሰነ ጊዜ የሚያሸክመው ኃላፊነት ነው፤ ተሸካሚው ወገኑን አብልቶ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ጊዜው ሲደርስ ያስረክባል። ዳኛው ስለ እድር ሥራቸው ሲናገሩ ዘወትር «ተሸክሜዋለሁ» ነው የሚሉት፤ «እመራዋለሁ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

በ1970 ዓ.ም. ገና ጎልማሳ ሳሉ የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ያ ዘመን በቀይ ሽብር የተገደለ ልጁን ወላጅ እንዳያለቅስ የተከለከለበት ዘመን ነበር። ድንኳን መጣል አይታሰብም። እርሳቸው እንደሚያስታውሱት የሰፈሩ ሰው ልጁ ወደ ተገደለበት ቤት አንድ በአንድ፣ ስኳር ወይም እሳት ሊበደር የመጣ መስሎ ይገባና ጥቂት ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወጣ ነበር፤ እርሳቸው ማን እንደገባና ማን እንደቀረ ይይዛሉ። ደብተር ላይ አይጽፉትም፣ በልባቸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በቀበሌው አዳራሽ ማታ ማታ ፊደል አስቆጥረዋል፤ ከአስቆጠሯቸው አንዱ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ዳኛ ናቸው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው መመለሳቸው ይታወሳል። ያ ምስል በመላ ሀገሪቱ ስለታየ፣ ከጨንቻ የመጡ ሽማግሌ የተጣላ ጉባኤ ፊት ሲቆሙ ሰው ሳር የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ እኔም ጠብቄ ነበር። ጋሽ ዳኛው ግን የያዙት ደብተር ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው፣ ሳር የሚያዘው ደም ሊፈስ ሲል ነው፤ ይህ የገንዘብ ነገር ነው ብለው አለፉት።

ገንዘብ ያዡ ሐጂ ይባላሉ። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው በሊስትሮነት ጀምረው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የእድሩ ገንዘብ ባንክ ሳይገባ አንድ ሌሊት እንኳ ከእርሳቸው ዘንድ ካደረ፣ በራሳቸው መሳቢያ ሳይሆን በተለየ ፖስታ ታሽጎ ነው የሚያድር። በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ ምክንያት ቀብር በበዛበት ጊዜ፣ እድሩ ሟችን ከመቅበር አልፎ ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም እንዲገዛ ያሳሰቡት እርሳቸው ነበሩ፤ «እድር ለሞተ ነው» ያለው ወገን ብዙ ስለነበረ ነገሩ አንድ ዓመት ያህል አከራከረ። በኋላ ሌሎች የከተማዋ እድሮችም በየራሳቸው መንገድ ወደዚያው ሥራ ገብተዋል።

ጡሩምባ ነፊው የሰላሌ ሰው ናቸው፤ በዘበኝነት ጡረታ ወጥተዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በጠባቡ መንገድ እየዞሩ ሲነፉ፣ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደጀመረ በመስማት ብቻ ሟቹ በየትኛው ግቢ እንደሆነ የሚገምቱ እናቶች ነበሩ። ቀልደኛ ናቸው። ስለ ሥልጣን ጉዳይ ሲነሣ ዳኛውን «ጋሼ፣ በገዳ ቢሆን በስምንት ስምንት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ወርደው ሦስተኛውን ሊጨርሱ ነበር» እያሉ ይነካኳቸዋል፤ ዳኛውም «እሱን ነው የምለምናችሁ፣ ማን ይረከበኝ» ይላሉ።

አራተኛዋ የሴቶች እድር ኃላፊ ናቸው። ከአድዋ በሙሽርነት የመጡ፣ ባላቸው ሾፌር የነበሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ፣ ትግርኛ የማይሰማውም ጭምር፣ «አደይ» የሚላቸው። ብረት ድስቱ፣ ጎላው፣ ባልዲው፣ ኩባያው ሁሉ በእርሳቸው እጅ ነው። የሙስሊምና የክርስቲያን ልቅሶ ዕቃ እንዳይደባለቅ የአንዱን ወገን ድስት እጀታ ሁሉ በአረንጓዴ ጨርቅ አስረውበታል፤ ጨርቁ በእሳትና በጥቀርሻ ሲበላ በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ይቀይሩታል። ይህን ሥራ ማንም አልሰጣቸውም። የእስላም ቀብር በዚያው ዕለት ኮልፌ ስለሚፈጸም ቀባሪው ተመልሶ የሚበላው በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት፤ የክርስቲያኑ ደግሞ ጾም ከሆነ ንፍሮውና ሽሮው ይለያል። ማን እንደሚጾም፣ ማን የወንጌል አማኝ እንደሆነና የማይጾም፣ ለማን ሐዘንተኛ ስኳር እንደማይሰጥ በልባቸው ይዘውታል።

ስለ አደይ አንድ ነገር ጨምሬ መናገር ይገባኛል፤ በጉባኤው የሆነውን ያለዚህ መረዳት ስለማይቻል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ወደ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ ብዙ ቤተሰብ የዘመዱን መኖርና መሞት ሳያውቅ ከርሟል። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ መስመሩ ሲቀጠል፣ የአደይ ታናሽ ወንድም ከሞቱ ረጅም ጊዜ እንዳለፋቸው በአንድ ዘመድ በኩል ለዳኛው ተነገረ። መርዶ በሥርዓቱ ጎሕ ሳይቀድ ይረዳል፣ ሐዘንተኛው ለሥራ ሳይወጣ፣ ባዶ ቤትም ሳይሆን። ማን ከማን ጋር ሆኖ እንደሚያረዳ ለሰላሳ ዓመት ሲመድቡ የኖሩት ራሳቸው አደይ ነበሩ። ሦስቱ ወንዶች በራቸውን ሲያንኳኩ፣ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ጡሩምባ ነፊውን ያለ ጡሩምባ ነበር። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ድንኳን ተጣለ። በዚያ ወቅት በከተማዋ አንዱ ስለ ሌላው የሚናገረው ከባድ ነበር፤ ዳኛው በድንኳኑ ውስጥ ስለ ጦርነቱ ከየትኛውም ወገን አንዲት ቃል እንዳትነሣ አዘዙ። ሐጂ በሩ ላይ ተቀምጠው እየተቀበሉ ቀስ ብለው ይህንኑ ለገቢው ሁሉ ይነግሩ ነበር። አንድ ቤተሰብ አውቆ ሳይመጣ ቀረ። ዳኛው ምን አደረጉ? ያለ በቂ ምክንያት ልቅሶ ባልደረሰ አባል ላይ ደንቡ የሚጥለውን ቅጣት ጣሉበት፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም፣ በጉባኤም አላነሡትም። ቤተሰቡ ከፈለ። አደይ ማን እንደቀረ ያውቃሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የዚያ ቤት እናት ሲሞቱ እንደ ወትሮው ሽሮውን በጎላ ያማሰሉት እርሳቸው ናቸው።

ክርክሩ

በጥቅምቱ ጉባኤ ይከፋፈል ያሉት ወገኖች ብዙ ጊዜ እንደሚወራባቸው ገንዘብ የጠማቸው አልነበሩም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አባል፣ በገባበት ሕንጻ አዲስ እድር ተቋቁሞ የመግቢያ ተጠይቋል። ሁለት እድር መክፈል ለጥበቃ ሠራተኛ ወይም ለእንጀራ ጋጋሪ ቀላል አይደለም። ሌሊት ሕመም ቢነሣ በሩን የሚያንኳኳው የአዲሱ ሕንጻ ጎረቤት እንጂ ገላን ጉራ ያለው የድሮ ጎረቤት አይደለም። ይህ እውነት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከቶ አልካዱትም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በአራቱ መካከል ራሱ መለያየት መኖሩ ነው። ሐጂ ይከፋፈል የሚሉ ነበሩ። ምክንያታቸው አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነው። ገንዘቡ የተሰጣቸው ለዚህ ሰፈር ሰው ቀብር ነው፤ ሰፈሩ ከሌለና ሰውየው ጥቅሙን ማግኘት ካልቻለ ገንዘቡን ለባለቤቱ መመለስ ግዴታ ነው፣ አንድ ቀን ማቆየትም ያስጠይቃል አሉ። ይህን የሚሉት በዓይናቸው እንባ እየሞላ ነበር፤ እድሩ እንዲፈርስ የሚፈልግ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ዳኛው በአንጻሩ ክርክራቸውን ያቆሙት በሁለት ትዝታ ላይ ነው። በ1970 ዓ.ም. ድንኳንም ወንበርም ሳይወጣ እድሩ ነበረ። በመጋቢት 2012 መጨረሻ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በብዛት መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳኑ በግምጃ ቤት ተጠቅልሎ እድሩ እንደገና ነበረ፤ አደይ ያን ጊዜ ንፍሮ በየደጃፉ እያስቀመጡ በር አንኳኩተው ይመለሱ ነበር፣ ሐዘንተኛው ወጥቶ ያነሣዋል። እንግዲህ እድሩ ድንኳኑ ካልሆነ፣ ጎን ለጎን መኖርስ ነው ወይ? ዳኛው አይደለም ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፤ በሁለቱም ጊዜ ሰዎቹ በአንድ መንገድ ላይ ይኖሩ ነበርና። ጥያቄውን ግን የንብረት ክፍፍል ብቻ ከመሆን አውጥተውታል።

ሦስቱ ሳምንታት

ሽማግሌዎቹ ድምፅ ከማሰጠት ይልቅ መዞር መረጡ። አዟዟራቸው ታስቦበት ነበር፤ ሐጂ ከጡሩምባ ነፊው ጋር ወደ ገላን ጉራ፣ ዳኛው ከአደይ ጋር ወደ አራብሳ። ይከፋፈል የሚሉት ሐጂ፣ ይቀጥል ከሚሉት ጡሩምባ ነፊ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው መሄዳቸው በአጋጣሚ አልሆነም። ወጣቶቹ በመኪና እናድርሳችሁ ቢሏቸው ሁለቱም ቡድኖች እንቢ ብለዋል፤ በማን መኪና እንደመጡ ከታወቀ ከማን ወገን እንደሆኑ ይወራል የሚል ነበር ስጋታቸው።

ጥያቄያቸውም የተለየ ነበር። «ይከፋፈል ወይስ ይቀጥል» አላሉም። አዲሱ ቤት እንዴት እንደሆነ፣ ውሃ ይመጣ እንደሆነ፣ ልጆች ት/ቤት ገብተው እንደሆነ ጠይቀው፣ ቡናው ሁለተኛው ከደረሰ በኋላ «ዛሬ ሌሊት አንድ ነገር ብትሆኑ መጀመሪያ ማንን ትጠራላችሁ?» ይላሉ። ከዳኛው ጋር ደብተር ይዤ አራብሳ ስለሄድኩ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአንድ አራተኛ ፎቅ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አልሰጡም። ጀበናውን መልሰው ከሰሉ ላይ ጣዱ፣ ከሰሉን እፍ እፍ አሉት፣ ከዚያ «በሩ ትይዩ ያሉት ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም፤ ጠዋት ይቆልፋሉ፣ ማታ ይከፍታሉ» አሉ። አደይ ምንም ሳይሉ ተነሥተው ትይዩውን በር አንኳኩና ራሳቸውን አስተዋውቀው፣ የዚያን ቤት ሴት ለሦስተኛው ቡና ይዘው ገቡ። ሁለቱ ጎረቤቶች የተዋወቁት በዚያ ቀን ነው።

ገላን ጉራ የሄዱት ያመጡት ዜና ሌላ ነበር። እዚያ ብዙ የካዛንቺስ ቤተሰቦች በአንድ አካባቢ ስለደረሳቸው ጎረቤትነቱ በከፊል ተተክሏል፤ ሴቶቹ የጠየቁት ገንዘቡን ሳይሆን ድስቱ መቼ እንደሚመጣላቸው ነው። ሐጂ ይህን ሰምተው ብዙ እንዳሰቡ ጡሩምባ ነፊው በኋላ ነግረውኛል፤ በመልሱ መንገድ እስከ መሐል ከተማ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር።

ውሳኔው፣ የመጀመሪያውም ቀብር

በኅዳር የተደረሰበት ስምምነት ማንንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም። ልውጣ ያለ አባል ድርሻው በከፈለበት ዓመት ልክ ተሰልቶ ይሰጠዋል፤ ስሌቱን ሐጂ ሠሩት፣ በዚህም የአማናው ጥያቄ ለእርሳቸው ተመለሰ። የቀረው እድር ይቀጥላል። ድንኳኑና የአደይ ዕቃ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ አራብሳ ይቀመጣል፤ መዝገቡና ካዝናው ግን አንድ ይሆናል። ጥሪ በቴሌግራም ይሆናል፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ እያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት ሰው ደውሎ ይነግራል። በዚሁ ጉባኤ ዳኛው አንድ ነገር አጥብቀው ጠየቁ፤ ይከፋፈል ብለው የተከራከሩት ሐጂ ገንዘብ ያዥነታቸውን እንዳይለቁ። ገንዘቡን ልመልስ ብሎ የሚያለቅስ ሰው እያለ ሌላ ገንዘብ ያዥ አንፈልግም አሉ።

እስከዚያ ዕለት አደይ ለሰላሳ ዓመት ያህል በዋናው ኮሚቴ ስብሰባ «የሴቶች ተጠሪ» ተብለው ከመግባት በቀር ድምፅ አልነበራቸውም። ይህን የምጽፈው ሽማግሌዎቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ አገልግሎታቸው የምንጽፍ ሰዎች ወንዶቹን በማዕረግ፣ ሴቶቹን በድስት ማስታወስ ይቀናናል። የእድሩ የልብ ትርታ በአደይ እጅ እያለ ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማቸው የለም። በኅዳሩ ጉባኤ ድምፅ ያለው መቀመጫ ተሰጣቸው። ያሰቡት ከገላን ጉራ የመጡት ሴቶች ናቸው፤ ከአራቱ ማንም ቀድሞ አላነሣውም፣ አደይም ጭምር።

በጥር ወር አራብሳ የገቡ አንዲት አሮጊት አረፉ፤ በካዛንቺስ ሳሉ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የኖሩ፣ ልጅ ያልነበራቸው ናቸው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። መዝገቡን በኤክሴል ስላስገባሁ፣ የሟቿን ስም ስከፍት ረጅም ውዝፍ በቀይ ታየኝ። ደንቡ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ያልከፈለ አባል ጥቅም እንደሚያጣ ይናገራል። ደውዬ ለዳኛው ነገርኳቸው፤ እንዲያውም በዚያው ጠዋት በቴሌግራሙ ላይ «ውዝፍ ስላለባቸው ኮሚቴው ይወስን» የሚል መልእክት ልኬ ነበር። ዳኛው በስልክ ትንሽ ዝም ብለው «በደብተሩ ላይ ስማቸው አጠገብ ነጥብ አለ?» አሉኝ።

አሮጌውን ደብተር አወጣሁ። አለ። በእርሳስ የተደረገች፣ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል በስተግራ፣ የዝንብ ኩስ የምትመስል ነጥብ። ስገለብጥ አይቻት ቆሻሻ መስላኝ ነበር። ነጥቧ፣ መዋጮ መክፈል ያቃተውና ክፍያውን ሐጂና ሌሎች ሁለት ሰዎች በየተራ፣ ባለቤቱም ሳያውቅ የሚሸፍኑለት አባል ማለት ነበረች። በመፈናቀሉ ግርግር የሚሸፍኑት ሰዎች ራሳቸው ተበትነው ወራት አልፈዋል እንጂ አሮጊቷ ባለውዝፍ አልነበሩም። መልእክቴን አጠፋሁ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አንብቦታል፣ ገመናቸው በሞታቸው ቀን ወጣ።

ድንኳኑ ከገላን ጉራ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ የአራብሳው ግማሽ ብቻውን ስለማይበቃ። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባቸውን በፌስታል ይዘው መጡ፣ ነገር ግን ሕንጻው ላይ በዚያ ሰዓት ድምፅ ማሰማት እንደማይቻል ጥበቃው ነገራቸው። ወደ ደረጃው ገቡና ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ የየቤቱን በር እያንኳኩ፣ የእድሩ አባል የሆነውንም ያልሆነውንም፣ ማን እንዳረፉና ቀብሩ በስንት ሰዓት በዮሴፍ እንደሆነ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገሩ። በሦስተኛው ፎቅ አርፈው ውሃ ጠጥተዋል። የመጣው ሰው እንደ ካዛንቺስ ዘመን ብዙ አልነበረም፤ አንዳንዱ መንገድ ተዘጋግቶበት ግብዓተ መሬቱ ካለቀ በኋላ ደረሰ። ነገር ግን በአደይ ጎላ ዙሪያ ከቆሙት ሴቶች ሁለቱ የእድሩ አባል ያልሆኑ የሕንጻው ነዋሪዎች ነበሩ።

እድሩ እስከ መቼ በዚህ መልክ እንደሚዘልቅ መናገር አልችልም። ሁለት ከተማ ያህል በተራራቀ ቦታ የተከፈለ ድንኳን፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው አራት ሰዎች፣ ሁለት ጊዜ መዋጮ የሚከፍሉ ድሆች፤ ይህ ሁሉ አስተማማኝ አይደለም። ምክትል ዳኛ ሆኖ የተመረጠው የገላን ጉራ ጎልማሳ ጎበዝና ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ለማን ስኳር እንደማይሰጥ አያውቅም፣ አደይም የሚያውቁትን እንዲጽፉ ስጠይቃቸው «ይህ ይጻፋል እንዴ!» ብለው ሳቁብኝ።

ከቀብሩ በኋላ ከዳኛው ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁና፣ ነጥቧን በኤክሴሉ ላይ በየትኛው ዓምድ ላስገባት ብዬ አማከርኳቸው። ዓምድ ከሆነ ርዕስ ይኖረዋል፤ ርዕስ ካለው የሚያነበው ሁሉ ይረዳዋል። የተለየ ቀለም ቢሆንስ አልኩ፤ ቀለምም ይታያል አሉ። በይለፍ ቃል ይዘጋ ብል፣ ምክትሉም ጸሐፊውም የይለፍ ቃሉን ማወቅ አለባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ አሮጌውን ደብተር ከእጄ ተቀብለው በእርሳስ የተነጠቡትን ስሞች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ማየት ጀመሩ። ደብተሩ አሁን በሐጂ ዘንድ በፖስታ ታሽጎ ይገኛል። በኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ ነጥቧ እስካሁን የለችም።